የፀዳለ ሣጥን

ቁልቋል ሜዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ረዘም ያለ የዋንዛ ሣጥን አለ። ውስጡ መጽሐፍ ነው። ያሻው ያሻውን ይወስዳል፣ አንብቦም ይመልሳል፤ ጠባቂም መዝጋቢም የለውም። እንግዳ ሰው የሚገርመው ግን የሰፈሩ ሰው፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ መጽሐፉን መልሶ ሲያበቃ ቀና ብሎ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለቱ ነው። ለማን እንደሚል አብዛኛው አያውቅም። ልጆቹማ የምስጋና ቃል ይመስላቸዋል፤ ይሁን፣ እነሱ ምን ያድርጉ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ሣጥኑን የሠራው ወልደየስ የሚባል አናጢ ነው። ወልደየስ አልጋና ወንበር ይሠራል፣ ሰው ሲሞትም የእድሩ የሬሳ ሣጥን የሚወጣው ከእሱ እጅ ነበር። ሚስቱ ቀድማው አርፋ የቀረችለት አንዲት ልጅ፣ ፀዳለ፣ መጽሐፍ ካገኘች እህል የማያምራት፣ ያነበበችውን ለጎረቤት የምታውስ፣ ፊደል ላልቆጠሩትም ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ የምታነብላቸው ልጅ ነበረች ይባላል።

በዚያ ክፉ ዘመን፣ ወጣት መሆን ብቻውን ሲያስጠረጥር፣ አንድ ማለዳ መጥተው ወሰዷት፤ ብዙም ሳይቆይ መገደሏ ተሰማ። ወልደየስ ለሰው አልጋ ያዘጋጀውን ዋንዛ አወጣና በልጁ ቁመት ሣጥን ሠራ፤ ክዳኑን ዘመድ ከተሰናበታት በኋላ በሚስማር እመታዋለሁ ብሎ ቤት ትቶ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ አስከሬኗን ሊጠይቅ ታስራ ወደነበረችበት ግቢ ሄደ። የበሩ ዘበኞች እንኳን አስከሬኗን ስሟንም አናውቅም ብለው አባረሩት። ባዶ ሣጥን ተሸክሞ ተመልሶ ደጁ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ አሳረፈውና ወደ ቤት ማስገባትም፣ መስበርም አቅቶት አጠገቡ ቆሞ ቀረ።

እንደ ፀዳለ ላሉት ልቅሶ መቀመጥ ተከልክሎ ነበርና፣ አንድ ጠመንጃ ያነገተ የሰፈሩ ጠባቂ ወዲያው መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ልታለቅስ ነው?» አለው።

ወልደየስ ፈራ። ሰው ነውና ፈራ። «ኧረ አይደለም፣ ጌታዬ፤ የመጽሐፍ ማስቀመጫ ነው» አለ።

«መጽሐፉ የታለ ታዲያ?»

አባት ወደ ቤት ገብቶ የልጁን መጻሕፍት በክንዱ ታቅፎ አወጣና፣ ጠባቂው እያየው፣ እሷ ልትተኛበት በነበረው ቦታ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ጠባቂው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ተረትና የትምህርት መጽሐፍ ብቻ መሆኑን ሲያይ ሄደ። ወልደየስ ልጄን በአፌ ካድኳት እያለ እስኪሞት ድረስ የተንገበገበው «የመጽሐፍ ማስቀመጫ ነው» ባለባት በዚህች ቃል ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ስታይ የነበረችው ጎረቤቱ እትዬ ባፈና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። «ወልደየስ፣ እስቲ አንድ መጽሐፍ አውሰኝ» አለች፣ ሰው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ ጎንበስ ብላ ስታነሳ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዜር ያጥናህ» አለችው። እሷን ያየ ሁሉ እንዲሁ አደረገ፤ ልቅሶ መድረስ ያልተፈቀደለት ሰፈር መጽሐፍ ሊዋስና ሊመልስ እየመጣ ሐዘንተኛውን አጽናና። ያልተነበበ መጽሐፍ ያስጠረጥራልና ፊደል የሚያውቅ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ያነብ፣ ሌላው ከቦ ያዳምጥ ጀመር፤ በታሪኩ እያመካኙም ተላቀሱ። ከእለታት አንድ ቀን ያ ጠባቂ ጠጋ ብሎ ቢያደምጥ የሚነበበው ጅብንና አህያን ያፋቀረ የቀልድ ተረት ነበርና፣ «ምኑ ነው ይሄ የሚያስለቅሰው?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። «አህያዋ አሳዝናን ነው» አለችው እትዬ ባፈና።

እንዲህ እንዲህ እያለ ማስመሰሉ ልማድ ሆነ። ሰው መጽሐፍ ጣፈጠው፤ ያነበበው ለሌላው ያወራ፣ ሌላው በተራው ይሻማ፣ ከየቤቱም መጽሐፍ እየመጣ ይጨመር ጀመር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያንኑ የአህያ ተረት ሲያነቡ አንዷ ሳቀች፣ ሳቁ ተዛመተና ሰፈሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወልደየስ ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ቆመ። እትዬ ባፈና አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ይቅር በለን፣ ወልደየስ» አለች።

«ሳቁ እንጂ» አላቸው። «እሷም እንድትስቁ ነበር የምታነብላችሁ። እስከ ዛሬ አብረን ልቅሶ ላይ ነበርን፤ ዛሬ እናንተ ተነሳችሁ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።» ተመልሶም በሩን ዘጋ።

ዘመኑ ሲለወጥ፣ እዚህ ቦታ የዚያን ጊዜ ሟቾች አጥንት ተገኘ፣ እዚያ ተቆፈረ በተባለ ቁጥር ወልደየስ፣ ልጄ ከተገኘች በዚህ ተሸክሜ አመጣታለሁ ብሎ፣ ክዳኑን በትከሻው አድርጎ ይሄድ ነበር አሉ። ሣጥኑን ለምን እንዳልያዘ ሲጠይቁት፣ ሰው እያነበበበት ነው ይላል። ከየሄደበት ከነክዳኑ ተመለሰ። እንደሚነገረው በመጨረሻው ጉዞው በሕመም ወደቀና ለሰው ሁሉ ሣጥን ሲሠራ የኖረው አናጢ በተገዛ ሣጥን ተቀበረ። ደጁ ላይ ባለው ይቀበር ያሉ ነበሩ፤ «የሰው ነው፣ አይነካም» ብላ የከለከለችው እትዬ ባፈና ናት።

ዛሬም ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ላስቲክ ይዞ ወደ ሣጥኑ ሲሮጥ ይታያል፤ ያም ሆኖ በየክረምቱ ብዙ መጽሐፍ ይበሰብሳል። የሰፈሩ ወጣቶች ይህን አይተው፣ ከወልደየስ ሞት ወዲህ ክዳኑ የእድሩን ቤት ግድግዳ ተደግፎ እያለ ለምን አንገጥመውም ብለው ሽማግሌዎቹን ለምነው ነበር።

«ይገጠማል» አሏቸው ሽማግሌዎቹ። «መጀመሪያ ልጅቷ ትግባ።»

ትገባለች ብሎ የሚያምን ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።