ያበበችው ሰንሰል

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ካላችሁኝ እቀጥላለሁ።

ሰንሰል የምትባል የጫካ ቁጥቋጦ ከንፈር የመሰለ ነጭ አበባዋን አፍክታ ሳለ አንድ ፍየል እየሮጠ መጣ።

«አበባሽ እንዲህ ካማረ ቅጠልሽማ ማር ነው፤ እስከ ግንድሽ ልግጥሽ ነው» አላት።

አበባው ላይ የነበረች ንብ ደነገጠች። «ኧረ አያ ፍየል! በዚህ ደረቅ ወር ሌላ ያበበ የለም፤ ልጆቼን በረሃብ ልትጨርስብኝ ነው?»

ሰንሰል ግን ቅርንጫፏን ዝቅ አደረገችለት። «ተዪው እቴ ንብ፣ እንግዳ ነው። አያ ፍየል፣ ከለምለሙ ጀምር።»

ፍየል አፉን ሞልቶ ጎረሰ። አንዴ አኝኮ ተፋው፤ ምሬቱንም ከጢሙ አራገፈ።

«ለነገሩ ዛሬ ጾም ላይ ነኝ» ብሎ ዞረ።

«ቅጠል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስገድፈው?» አለች ንብ።

ፍየል ያልሰማ መስሎ እርምጃውን አፈጠነ።