ወጌሻው የዋጣት ጥያቄ

አንድ ወጌሻ ነበረ። ትርሲት ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ሐኪሞች ጉባኤ እንደሆነ አልረሳሁም። ከየአገሩ የምትሰበሰቡበት ከተማ መንግሥት እነዚያን አታስገቡ፣ ይህን አታንሱ እያለ ስላስቸገራችሁ፣ «ያሉንን ተቀብለን ብንሰበሰብ አይሻልም ወይ?» ብለሽኛል። እኔ ደግሞ ስለ ወጌሻ እነግርሻለሁ፤ ታገሺኝ።

ይህ ሰው የወጌሾች ሁሉ አለቃ ነበረ። ወጌሾቹ በየዓመቱ አዝመራ ከገባ በኋላ ከየአገሩ እየመጡ በየተራ በአንዱ ከተማ ገበያ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። የተሰበረ ሰው መሃል ይቀመጣል፣ አንዱ ያሸዋል፣ ሌላው አይቶ ይማራል። አንድ የማይታለፍ ወግ ነበራቸው። ወጌሻው እጁን ከማሳረፉ በፊት ጮክ ብሎ «ምን ሰበረህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በሽተኛውም ሁሉ እየሰማው ይመልሳል። ጥያቄዋ ለጨዋነት ያህል የምትባል አልነበረችም። ወድቆ የተሰበረ አጥንት ተስቦ ይገባል፤ ተጠምዝዞ የተሰበረውን የሳበ ግን የደም ሥሩን ይበጥሰዋል።

አንድ ዓመት ተራው ክፉ ገዢ ላለበት ከተማ ደረሰ። የጠራቸው የዚያው ከተማ ወጌሻ ነው፤ ከአለቃው ጋር አንድ መምህር እግር ሥር የተማረ፣ ከአንድ ገበታ የበላ ጓደኛው። «ዘንድሮ ወደ እኛ ኑ፤ እባክህ እንዳትቀር» ብሎ ላከበት።

አለቃው ቀደም ብሎ ሲደርስ የገዢው ባለሟል ፈገግ ብሎ ተቀበለው። ጓደኛዬስ ቢል ታሟል አሉት። ባለሟሉ በመጀመሪያ ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ወጌሾች እንዳይገቡ አለ፤ ገዢው ከአገራቸው ጋር ተጣልቷል። አለቃው ከፋው፤ ግን ለከርሞ እንክሳቸዋለን ብሎ መልሶ ሰደዳቸው። ቀጥሎ ሜዳው ቀርቶ በግቢው አጥር ውስጥ ይሁን ተባለ። ድንኳኑም ሙክቱም ከገዢው ስለሆነ ይህንንም እሺ አለ። በመጨረሻ ባለሟሉ ጠጋ ብሎ፣ «ማሸቱን ማን ከለከላችሁ? ያቺን ጥያቄ ብቻ ተዉልን። አጥንት እንደሁ ማንም ይስበረው ማን፣ ያው አጥንት ነው» አለው።

አለቃው ተጨነቀ። ሰዎቹ ተራራ አቋርጠው መጥተዋል፣ በሽተኛው ደጅ ላይ ተኮልኩሏል፣ ወጡ ተሠርቷል። አሁን ተመለሱ ቢላቸው ማን ይሰማዋል? ደግሞስ ዓይን አለን፣ እጅ አለን፣ አንዲት ጥያቄ ብትቀር ምን ይጎድልብናል ብሎ ራሱን አጽናና። እንዲህ ብሎ የሚጽናና ሰው ነገሩ እንዳልተዋጠለት ራሱ ያውቃል። ለወጌሾቹም ዘንድሮ ጥያቄ የለም አላቸው። አጉረመረሙ፣ ግን ተቀመጡ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰመረ። ከዛፍ የወደቀው ታሸ፣ በቅሎ የረገጠችው ታሰረለት። ባለሟሉ ከፊት ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሁለት ዘበኞች ቀኝ እጁ አብጦ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰው አመጡ። አለቃው ቀና ቢል ጓደኛው ነው።

ጓደኛው መሃል ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑን አለቃው ላይ ተክሎ ጠበቀ። የሚጠብቀው ጥያቄዋን ነበር። ሳይጠየቅ ቢናገር ዘበኞቹ አፉን ይይዙታል፤ ሲጠየቅ ግን በዚያ ሁሉ የውጭ አገር ሰው ፊት ማን ያቋርጠዋል?

ባለሟሉ ቀደመና፣ «ይኸው ታሟል ያልንህ ጓደኛህ፤ ከበቅሎ ወድቆ ነው» አለ።

አለቃው ጓደኛው በቅሎ ኖሮት እንደማያውቅ ያውቃል። ጥያቄዋ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣች። ድንኳኑን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ባለሟሉን አየ፤ ዋጣት። ከዚያም የጓደኛውን እጅ እንደ ወደቀ ሰው እጅ ቀጥ አድርጎ ሳበው። ጓደኛው አልጮኸም። የጮኸ ቢሆን ኖሮ ለአለቃው ይቀለው ነበር።

ጉባኤው በሰላም አለቀ፤ ገዢውም ለሁሉም ኩታ አለበሳቸው። ሲወጡ ጓደኛው በሩ ላይ ተጥሎ አገኙት። ጉባኤው ካለፈ ከእንግዲህ ስለማያሰጋ ለቀውታል። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«በገመድ ጠምዝዘው ነው የሰበሩት» አለው ለአለቃው። «ከእስር ቤት የሚወጣውን ሁሉ ምን ሰበረህ እያልኩ ስለጠየቅሁ ነው። እናንተን የጠራሁትም በሁሉ ፊት ትጠይቋቸዋላችሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን እኔን እንኳ አልጠየቅኸኝም።»

እጁ ተቆረጠ። የሰበሩት የገዢው ሰዎች ናቸው፤ እንዳይድን ያደረገው ግን ጓደኛው አለቃው ነው። አለቃው ኩታውን ለብሶ አገሩ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ማንንም አላሸም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወጌሻው እናንተ ናችሁ፤ ባለሟሉን አንቺው ታውቂዋለሽ። አዳራሽ ቢቀይሩባችሁ ቀይሩ፤ መስተንግዶው ቢከፋ ቻሉት። ባልደረቦቻችሁን ከድንበር መልሳችሁ ከሆነ ግን ወጌሻውም የጀመረው ከዚያ እንደሆነ እወቂ። ከእስር ቤት ስለሚመጡ ቁስለኞች የተሠራው ጥናት አይቀርብም ካሏችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁን ወስደዋል፤ ያለ እሷ የምታክሙት ሁሉ በናንተው እጅ ይበላሻል።

«የጋበዘን ሐኪም ሰሞኑን ስልክ አያነሳም» ብለሽ በመሃል ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ስለ አዳራሹ ብዙ ነገርሽኝ፤ እሱን ምን አገኘው ብለሽ የጠየቅሽው ሰው ግን የለም። ሂጂና መጀመሪያ ስለ እሱ ጠይቂ። ጮክ ብለሽ፣ ሁሉ እየሰማ።