ወዷት እኮ ነው

«ክፈትልኝ!» አለች ከውስጥ።

«መጀመሪያ እወድሃለሁ በይ» አላት ከውጪ።

«ብልህ ትከፍታለህ?»

«ካልሽማ ለምን እከፍታለሁ? ከወደድሽኝ ወዴት ትሄጃለሽ?»

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። ግቢው ሙሉ ሲስቅ ነበር።

ሰውየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፣ እናቱ እዚሁ ከተማ አለች። ሴትየዋ ዘነበች ትባላለች፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ እትዬ ጌጤነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሶስት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። ሶስት ጊዜ «አልፈልግም» አለች። ሶስቴ እምቢ የተባለ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ጋቢውን አራግፎ ይነሳል። አለቀ።

ታዲያ ለምን አላለቀም? በኔ ምክንያት ነዋ!

ያኔ ጌታን አላገኘሁም፣ ቪዲዮ ቤት ነው የምሰራው። ማይክ ይዤ ፊልም እተረጉማለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ምን ቋንቋ አውቃለሁ? ምንም! ያለኝ አፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን የስፔን ፊልም መጣ። አንድ ፀጉር ቆራጭ አንዷን ሴት ይወድና ከቤቱ እንዳትወጣ ጫማዋን አንድ በአንድ ይደብቃል። ዱቄት ውስጥ ይደብቃል፣ ፒያኖ ውስጥ ይደብቃል፣ አንዱንማ ለቅሶ ሄዶ ከሟቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። መጨረሻው አካባቢ ሴትየዋ በባዶ እግሯ ቆማለች። እሱ ተንበርክኮ እግሯን ያጥባል። እጇን ቀስ አድርጋ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈች... መብራት ጠፋ።

ፉጨት በፉጨት ሆነ። «መጨረሻውን! መጨረሻውን!» ምን ልበላቸው? በባዶ ጉሮሮዬ ጮህኩ፦ «በቃ ተጋቡ!» አጨበጨቡልኝ።

ሬዲዮ ጠጋኙ በር ላይ ጠበቀኝ።

«የምርህን ነው? ተጋቡ?»

«ሶስት ልጅ ወለዱ» አልኩት። ለጨዋታ ነው። እሱ ግን አልሳቀም።

በነጋታው የዘነበች ጫማ ጠፋ። የኛን ጭቃ ታውቁታላችሁ፣ ጫማ ደጃፍ ላይ ነው የሚወለቀው። ሌላ ገዛች፣ ጠፋ። ኮንጎ ጫማ ገዛች፣ እሱም ጠፋ። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል። እትዬ ጌጤነሽ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፦ «አንቺ ምን አለብሽ! የኔው ሰውዬ ሃያ አመት ሙሉ ጫማ ይኑረኝ አይኑረኝ አያውቅም!»

በተዋሰችው ጫማ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄደች። «ወዶሽ እኮ ነው ልጄ» ብለው መለሷት። እዚህ ቸርች መጣች። እዛች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ምን አላችኋት? «ጸልዪለት።»

ጸልዪለት! የተዘረፈችው እሷ፣ የሚጸለይለት እሱ!

ቀጥሎ መስኮቷን ከውጪ በጣውላ ጠረቀመው። «ሌባ እንዳይገባባት ነው» አለ። ሌባው ማን ሆነና? ማንም «ምን እያደረግህ ነው?» አላለውም። እንደውም መዶሻ ያዋሰው ጎረቤት አለ።

ከዛ ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት በሯን ከውጪ ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ደጃፏ ላይ ተቀመጠ። ቅድም የነገርኳችሁ ጭቅጭቅ ያኔ ነው።

መብራት አልነበረም። የሰው ቀሚስ ልትተኩስ የካውያ ከሰል ውጪ አቀጣጥላ፣ ገና ወደ ውስጥ እንዳስገባች ነው የቆለፈባት። ሌላ ቀን በሩን ወለል አድርጋ ነው የምትተኩሰው። የዛን ቀን በሩ የሷ አልነበረም።

ጮኸች። በሩን ደበደበች። ጎረቤት ሰማ፣ ብቅ ብሎ አየ፣ «የፍቅረኞች ጠብ ነው» ብሎ ገባ። ከዛ ድምጿ ጠፋ። እትዬ ጌጤነሽ ስታልፍ ሰውየው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ምን አላት መሰላችሁ?

«እሽሽ... ዝም አለች። ልቧ እየራራ ነው።»

እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቀ። ልቧ እስኪራራ።

ሲከፈት ከበሩ ስር ተገኘች፣ አፏን ከስንጥቁ ጋር አጣብቃ። የከሰሉ ጭስ አፍኗት ሞታለች። እሱ ሬሳዋን አቅፎ «ወድጄሽ እኮ ነው፣ ወድጄሽ እኮ ነው» ይላል።

አሁን ለምን አትስቁም?

ፊልሙን በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሴትየዋ እጇን ጭንቅላቱ ላይ ያሳረፈችው ልትደባብሰው አልነበረም፤ ተደግፋው ልትሻገረው ነው። በባዶ እግሯ በረዶ ላይ ወጥታ ሄደች። አልተጋቡም ወገኖቼ። እኔ ነኝ የዳርኳቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። የዛን በር ቁልፍ የያዘው እሱ ብቻ ነው? የሳቀውስ? መዶሻ ያዋሰውስ? ጸልዪለት ያላትስ?

አንተ የሚስትህን ስልክ የምትበረብረው፣ ወደህ ነው? አንቺ ልጅሽ ሌላ ከተማ ስራ ባገኘ ቁጥር ደም ግፊት የሚነሳብሽ፣ ወደሽ ነው? ሴት ልጅ «አልፈልግም» ስትል «ትግደረደራለች» የምትሉት፣ አልፈልግም ማለት ምን እንደሆነ የሚተረጉምላችሁ ትፈልጋላችሁ? እኔ ተርጉሜ ያመጣሁትን አይታችኋል!

ሰማይና ምድርን የሰራው ጌታ እንኳ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። እምቢ ስትሉት ጫማችሁን ወስዶባችሁ ያውቃል? መስኮታችሁን ጠርቅሞባችሁ ያውቃል? ታዲያ እናንተ ከማን ተማራችሁት?

እኔም ከናንተ አልሻልም። ከቀብሩ በኋላ የዘነበች እናት ጋ ሄድኩ፣ እማማ ኤርጎጌ ጋ። ጥፋቴን ነገርኳቸውና «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ዝም አሉኝ። በነጋታውም ሄድኩ። በሳልስቱም። እንጨት ፈለጥኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ደጃፋቸውን ጠረግኩ፣ እንዲህ እያልኩ ወር ሞላኝ። እሳቸው ዝም። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ልባቸው እየራራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን እግራቸው ስር ተደፋሁና «ይቅር እስኪሉኝ ከዚህ ደጅ አልነሳም፤ እንደ እናቴ ስለምወድዎት እኮ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ና አለህ?»