አህያዋ፣ ሾላውና እንቅልፋሙ በረኛ

አንድ ጊዜ አንበሳ በግዛቱ መካከል ገበያ አቋቋመ። ዙሪያውን በእሾህ አሳጠረና አንድ በር አበጀለት፤ ከአጥሩ ውጭ መገበያየትንም ከለከለ። ጉልበተኛ ነው፣ ማንም ገፍቶት አያልፍም ብሎ ጅብን በረኛ አደረገው። ጅብ ሌሊቱን ሲዞር የሚያድር ፍጥረት መሆኑን ግን ማንም አላሰበውም።

በዚያ አገር ወተቷ የደረቀባት አንዲት አህያ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ከተራራው ማዶ ጤዛ ያልለቀቀው ሣር ነጭታ፣ አውድማ አጠገብ ለሚኖር አንካሳ በሬ ታመጣለታለች። እሱም ከአውድማው የለቀመውን ገብስ ይሰጣታል። ውርንጭላዋ የሚያድገው በዚያ ገብስ ነበር።

ሕጉ በወጣ ማግስት ሣሯን ተሸክማ በማለዳ በሩ ላይ ቆመች። ጅብ ተኝቷል። ልትቀሰቅሰው አሰበችና ጥርሱን አይታ ተወችው። ቀትር ላይ ነቃ። ጭነቷን እፈትሻለሁ ብሎ ሣሩን ትቶ ታፋዋን ማሽተት ጀመረ።

«አያ ጅቦ፣ ሣሩ እኮ ያለው ጀርባዬ ላይ ነው» አለችው ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«አውቃለሁ። እኔ ከታች ነው የምጀምረው።»

እንደ ምንም አልፋ ስትገባ ሣሩ ጠውልጓል። ገበያው ውስጥ ይጠብቃት የነበረው በሬም አሽትቶ መለሰላት። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። ውርንጭላዋ ሲቆም ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ጭነቷን ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ሥር አራገፈች። በሬው ገብሱን ይዞ ወደዚያ መጣ። በማግስቱ በግ መጣች፣ ከዚያም ፍየል። ሳምንት ሳይሞላ በአንበሳ ገበያ የቀሩት ዝንቦች ብቻ ሆኑ።

ቀበሮ ይህን አየች። በመጀመሪያ ከሾላው ሥር የምትፈልገውን ወሰደች፤ ከዚያ ሄዳ ለአንበሳ ነገረችው። አህያዋ ተጠራች።

«ሕጌን ለምን ናቅሽ?» አላት አንበሳ።

«አልናቅሁም ጌታዬ። ሦስት ቀን ሞክሬዋለሁ። አራተኛውን ብሞክር ልጄ አይተርፍልኝም ነበር። የምዋሽ ከመሰልዎት፣ ነገ አንድ አገልጋይዎ አንድ ጭነት ሣር በበሩ ያስገባ። እርጥቡን ካስገባው ሾላውን እተዋለሁ፤ ቅጣቱንም እቀበላለሁ።»

አንበሳ በነገሩ ተስማማ። ሣሩን መንገድ ላይ ሳይበላ የሚያደርስ አገልጋይ ቢፈልግ ከጅብ ሌላ አልታየውም። ጅብም በመታመኑ ኮራ።

በማግስቱ ጅብ ሣሩን ተሸክሞ በማለዳ በሩ ፊት ቆመ። ፀሐይ ወጣች፤ እሱ እንደቆመ ነው። ቀበሮ በዚያ ስታልፍ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቀችው።

«በረኛውን» አላት። «ያለ እሱ ማንም መቀርቀሪያውን እንዳይነካ ታዟል።»

ቀበሮ ትንሽ አሰበች። «ታገሥ አያ ጅቦ፣ ቀትር ላይ ሳይነቃ አይቀርም» ብላው መንገዷን ቀጠለች።

አንበሳ አህያዋን አስከትሎ ሲደርስ ሣሩ ደርቆ በጅብ ጀርባ ላይ ይንኮሻኮሽ ነበር።

«ጌታዬ» አለ ጅብ በምሬት፣ «ይህ በረኛ ሰነፍ ነው። ጭነቴ ተበላሸብኝ። ወይ እሱን ይቅጡልኝ፣ ወይ እኔም ሾላው ሥር ልሂድ።»

አንበሳም መቀርቀሪያውን በራሱ መዳፍ ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ጣለው፤ ጅብንም ወደ ሌሊት ዙረቱ መለሰው።

አህያዋ በማግስቱ ከሣሯ ግማሹን ሾላው ሥር አውርዳ በግማሹ በሩን ሞከረችው። ማንም ታፋዋን አላሸተተም። ሣሩም ጤዛው እንዳለ በሬው ዘንድ ደረሰ። ያም ሆኖ ሦስት ቀን እንዲሁ ጭነቷን እየከፈለች አየችው፤ ሙሉ ጭነቷን ይዛ የገባችው በአራተኛው ቀን ነው። ውርንጭላዋም ያን ቀን ሮጦ ሊቀበላት ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ሰው ከአጥሩ ውጭ የሚገበያየው ሕግ ጠልቶ ሳይሆን በሩ እስኪከፈት ልጁ መቆየት ስለማይችል መሆኑን፣ ስለዚህም በውጭ ያለውን ከመክሰስ በፊት በሩን መፈተሽ እንደሚገባ ነው።