አጭሩ ሰልፍ

አንድ ድንጋይ እየፈለጠ ያደገ ወጣት ነበር፤ ስሙ አንለይ። የመንደሩ ወንዝ አንድ ክረምት ወንድሙን ወስዶበታል። ስለዚህ ነገር ለማንም አያወራም፤ ሐሳቡ ግን በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት ነበር።

ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ስላልመጣለት ከተማው ውስጥ ካለች ትንሽ ኮሌጅ ገባ። እዚያ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የተማራቸው ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲው ከተቆጠሩለት፣ እዚያ በምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ መቀጠል ይችላል።

ትምህርቱን የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ነው። በምዝገባ ቀን በየመምህሩ በር ላይ ሰልፍ ይያዛል። የሒሳቡ ሰልፍ ግቢውን ዞሮ የውሃ ቧንቧው ጋ ይደርሳል። አንለይ መቆም አይሆንለትም፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ከሰልፉ ወጣና ሦስት ሰው ብቻ ወዳለበት በር ሄደ።

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ይመኑ በመስኮት አዩት።

«አንተ፣ የት ለመድረስ ነው የምትማረው?»

«ምህንድስና።»

«ታዲያ የንብ እርባታ በር ላይ ምን ትሠራለህ? ማር ልትቆርጥ ነው? መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሂድና ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው።»

«ግማሽ ቀን ከማባክን አንድ ትምህርት ብይዝ አይሻልም፣ ጋሼ?»

«እንግዲያው ያዝ» አሉና መስኮቱን ዘጉ።

በየምዝገባው እንዲሁ አደረገ። ጓደኞቹ አራት ሲይዙ እሱ ስድስት ያዘ። ሒሳብን ለሚቀጥለው እያለ አሳደረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ የበለጠ ትምህርት የያዘ ተማሪ አልነበረም።

የውጤት ወረቀቱን ይዞ ዩኒቨርሲቲው ደረሰ። የምህንድስና ክፍሉ ኃላፊ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ሃያ አራት ትምህርት። ሰነፍ አይደለህም» አለች። «የምንቆጥርልህ ግን ሁለቱን ብቻ ነው።»

«ሁሉንም አልፌያለሁ እኮ።»

«አልፈሃል። ድልድይ ግን በእነሱ አይቆምም። ሒሳቡ የታለ?»

አንለይ መሬት መሬት አየ።

«ሰልፉ ረጅም ነበር።»

ሴትየዋ አልሳቀችም። የሚፈለጉትን ትምህርቶች ጽፋ ሰጠችው። ዝርዝሩ ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም።

በሚቀጥለው ምዝገባ አንለይ በኮሌጁ የሒሳብ ሰልፍ ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ነበር። ከኋላው ያለው አዲስ ተማሪ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ያኛው በር ባዶ ነው። ለምን ወደዚያ አንሄድም?»

«እዚያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ» አለው አንለይ፤ ከቦታውም አልተነቃነቀም።

በዚያ ክረምት ወንዙ እንደገና ሞላ። ድልድዩ ገና ነበር።

ብዙ መሥራትና ወደሚፈልጉት መቅረብ አንድ አይደሉም። የምንሄድበትን ቦታ ሳንጠይቅ የቸኮልንባቸው ቀናት፣ ከቆምንባቸው ቀናት በላይ ያዘገዩናል። አንተስ፣ አሁን የቆምክበት ሰልፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ጠይቀሃል? ወይስ የገባህበት አጭር ስለሆነ ብቻ ነው?