ጉሮሮ የሚያሰፋው መካኒክ

አንድ እጁ የተመሰከረለት መካኒክ፣ ደምሰው የሚባል፣ ከቆላው በላይ ባለች የገበያ ከተማ ጋራዥ ነበረው። ስሙን ያወጣው የሞተር ጉሮሮ በማስፋት ነው። የሞተሩን ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን፣ ይፈታና አየር የሚገባበትን መተላለፊያ በሞረድ እየፋቀ ያሰፋዋል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ መስታወት ያስመስለዋል። ሲጨርስ ባለመኪናውን ጠርቶ «በል አውራ ጣትህን ክተትና እየው» ይለዋል። ባለመኪናው ጣቱን ይከታል፣ አፉን ይከፍታል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ሰው ጣቱ የገባለትን ነገር ሳይጠይቅ ያምናል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ አትጠገብ መጡ። ቆላ ወርደው ሽንኩርት የሚያለሙ፣ አሮጌ ፒካፓቸውን ራሳቸው የሚነዱ፣ በመንደራቸው ደግሞ የመስኖውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍሉ ሴት ናቸው።

«ሽንኩርቴ ተነቅሏል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሰማዩን ደግሞ ታየዋለህ። መኪናዋ እስከ ቅዳሜ አሥር ጆንያ ይዛ ዳገቱን ካልወጣች ማሳ ላይ ይበሰብስብኛል። ሌላ የማመጣው መኪና የለኝም።»

«አይዞዎት እትዬ፣ እንደ ፈረስ ነው የማደርግልዎት።»

«ፈረስ ማን ጠየቀህ? አህያ አድርግልኝ፤ ተሸክማ ትውጣ።»

ደምሰው ሳቀና ሞተሩን ከፈተው። የአየር በሮቹ፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ ተቃጥለው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ከትልቅ ሞተር የወጡ ሰፋፊ ቫልቮች ፈልጎ ገጠመ፤ ጉሮሮውንም ለእነሱ በሚመጥን መጠን ፋቀው። ሁለት ቀን ሙሉ ፋቀ። ረቡዕ ሜዳው ላይ ሲሞክራት መኪናዋ በረረች፤ የጋራዡ ሰፈር አጨበጨበ።

ከሰዓት በኋላ ከእትዬ አትጠገብ ጋር ቆላ ወርደው አሥሩን ጆንያ ጫኑ። መኪናዋ ዳገቱን ጀመረች። ሦስተኛዋ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ አንዴ አሳላት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ አለች። እትዬ የእጅ ፍሬኑን ስበው ወደ ጎን ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታማ ሰጠሁህ፤ ገድለህ መለስክልኝ?»

«እትዬ፣ ጉሮሮዋ እኮ ይህን ያህል ሰፍቷል!» አለ ደምሰው አውራ ጣቱን አቁሞ።

«ጣትህን አውርድ። ሰፋ እንበል። በሩን የሚከፍትላት ማን ነው?»

«ካምሻፍቱ ነዋ። ካምሻፍት ማለት ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው፤ ሲዞር ጉብታው ቫልቩን ይገፋዋል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ አየር ይገባል።»

«ምን ያህል ይከፍተዋል? ለምን ያህል ጊዜስ?»

ደምሰው አውራ ጣቱን አጠፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ጉሮሮ ሲያሰፋ ይህን ጠይቆ አያውቅም።

«ውሃ ሳከፋፍል» አሉ እትዬ «መጀመሪያ የማየው በሩ ለማን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ነው። ተራው አጭር የሆነ ሰው ቦዩን ካሰፋ ውሃው ይንቀራፈፋል፤ ማሳው ሳይደርስ ተራው ያልቃል። ጎረምሳው ሁሉ ግን አካፋ ይዞ ቦይ ማስፋት ይወዳል። ጉልበቱን ያሳይበታላ!»

ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ወርደው ሽንኩርቱን አራገፉ። ደምሰው ባዶዋን መኪና ይዞ ሲመለስ ተቆጥቶ ነበር። ቁጣው ግን ራት ሳይደርስ ለቀቀውና ሌላ ነገር ያዘው፤ ማወቅ አማረው።

ሐሙስ ጠዋት ሞተሩን በእጁ እያዞረ ቫልቩ ስንት እንደሚወርድ በካሊፐር ለካ። ስምንት ሚሊ ሜትር ወርዶ ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ ካምሻፍቱ አይገፋም። ቴስታታውን ፈታ። ከግቢው ውዳቂ መሃልም የዚያው ዓይነት ሞተር ማንም ያልነካውን ቴስታታ አወጣ። ከዚያ ከአንድ ሆቴል ምንጣፍ የሚጠርጉበትን ማሽን ተዋሰ። ማሽኑ አየር እንዲስብለት ከቴስታታው ሥር ደገነው፣ ቫልቩን በስምንት ሚሊ ከፍቶ ቆለፈው፣ ሽቦ ጫፍ ላይ ክር አስሮ ወደ ጉሮሮው አስገባ።

ባልተነካው ቴስታታ ውስጥ ክሩ አንዲት ጠርዝ ላይ ትንሽ ከመንቀጥቀጡ በቀር የትም ቢጠጋ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይሳባል። እሱ ባሰፋው ውስጥ ግን መሃል ላይ ብቻ ይወዛወዛል፤ ወደ ወለሉ ሲያወርደው ክሩ ተኛ። ከፍ አደረገው፣ ነቃ። ዝቅ አደረገው፣ ተኛ። ሁለት ቀን የለፋበት ስፋት አየር የሚያንቀላፋበት ቦታ ሆኖ አገኘው። እያፈረ ሳቀ፤ ቀኑን ሙሉም ክሩን ሲያስገባና ሲያወጣ ዋለ።

ወደ ማታ እትዬ አትጠገብ ሊያዩ መጡ።

«ትልቅ ካምሻፍት ብገጥምላትስ?» አላቸው። «በሩን ሰፋ አድርጎ፣ ረዘም አድርጎ ይከፍትላታል።»

«ከዚያስ?»

«ሞተሯ በፍጥነት እየዞረች በኃይል ስትጮህ ጉልበቷ ይመጣል።»

«ዳገት ላይ አሥር ጆንያ ተሸክማ መቼ ነው የምትጮኸው?»

ደምሰው አሰበ። «አትጮህም» አለ።

«እንግዲያው ለሸክሟ ሥራላት።»

ያን የሚያብረቀርቅ ቴስታታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳልከፋው አልነግራችሁም። ዓርብ ዕለት ያልተነካውን ቴስታታ አነሳ። ለመኪናዋ ለራሷ ካምሻፍት የሚመጥን፣ ጠበብ ያለ አዲስ ቫልቭ ገጠመ። ከጉሮሮው የነካው ክሩ የተንቀጠቀጠበትን አንዲት ጠርዝ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ መጥቶ እንደ ልማዱ ጣቱን ሊከት ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ጋሽ ደምሰው፣ ምንም አልሠራህም እኮ!»

«አዎ» አለ ደምሰው። «ይህን ለመሥራት ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።»

ቅዳሜ ደመናው ጠቁሯል፤ እትዬ አትጠገብ መኪናዋን ይዘው ሽንኩርቱን ሊጭኑ ቆላ ወርደዋል። ደምሰው ሦስተኛዋ መታጠፊያ ድረስ በእግሩ ወርዶ፣ ከቆመች ጎማዋ ሥር ሊወረውር ታኮ ይዞ ጠበቀ። ፒካፗ አሥር ጆንያ ተሸክማ፣ ሳትጮህ፣ ሳትፈጥን፣ እያጉረመረመች መጣች። እትዬ አትጠገብ ዞር ብለውም አላዩት። አለፉት፤ ወጡ። ዝናቡ ሲጀምር ሽንኩርቱ የገበያው ጣሪያ ሥር ገብቶ ነበር።

ደምሰው የተሳሳተው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ ጎበዝ ስለነበረ ነው። ማስፋት ይችልበት ስለነበር የታመመ ሞተር ሁሉ የጠበበ መሰለው። እኛም እንዲሁ ነን፤ የጎደለውን ትተን እጃችን የለመደውን እንጨምራለን። መምከር የሚችልበት ምክር ይጨምራል፣ መቆጣት የሚችልበት ቁጣ። ሸክሙ ምንድን ነው፣ በሩስ ስንት ይከፈታል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ሰሞኑን ልጅዎ ላይ ወይም ሥራዎ ላይ የሚጨምሩት ያ ነገር የጎደለው ነው ወይስ እርስዎ የሚችሉበት?