አህያ የጠረገችው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የአራዊት ቀበሌ በወንዝ ዳር አንድ መናፈሻ ነበረው። መናፈሻ ስላችሁ ዘበኛ የቆመበት እንዳይመስላችሁ። ለምለም ሣር፣ ሦስት የሾላ ዛፍ፣ እስከ ውሃው የሚወርድ አንድ ቀጭን መንገድ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ግልገሉ ይቦርቅበታል፣ ያረጀው ያርፍበታል፤ የሁሉም ነው።

መንገዱን የምትጠርገው አህያ ነበረች። ቀበሌው ሥራ ሲያከፋፍል ሁሉም ዳኝነቱንና ዘበኝነቱን ተሻማ፣ ጠረጋው ለእሷ ተረፈ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ድንጋዩን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ጭቃውን በሰኮናዋ ትደለድላለች፤ ዓይኗ የደከመ አሮጊት ኤሊ ሳትደናቀፍ ውሃው ዘንድ ስትደርስ ስታይ ጆሮዋ ቀጥ ይላል። ምን ታድርግ፣ የእጇ ሥራ ነዋ።

ጅብ ያንን ሣር ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ሣር መብላቱ አይደለም፤ የሚቦርቀውን ግልገል ነው ያየው። ቀበሮም ጠጋ ብላ፣ የታጠረ መሬት የአጣሪው ነው፣ ከአጠሩት በኋላ ለእኔም አንድ ጥግ አይነፍጉኝም ብላ መከረችው። ጅብ ደስ ብሎት እሾህ ሲጎትት፣ ዙሪያውን ሲከምር ዋለ፤ መንገዱንም ዘጋው።

በማግስቱ አህያ መጥታ መንገዷን አጣችው። ጅብና አህያ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም አልሸሸችም።

«አያ ጅቦ፣ መንገዱን ይክፈቱልን።»

«የምን መንገድ? ግቢዬ ነው። አንቺ ጠራጊ ነሽ፣ ሌላ ቦታ ሄደሽ ጥረጊ።»

«እሺ፣ ግቢዎ ከሆነ በሩ በየት በኩል ነው?»

ጅብ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ለካ ከውስጥ ሆኖ ሲያጥር በር ረስቷል፤ ልግፋው ቢልም እሾሁ ወጋው። ግልገሎቹ እንደሆኑ ገና እሾሁ ሲከመር ሸሽተዋል። ወደ ቀበሮ ቢጮህ፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ሆና «እጠሩ አልኩዎ እንጂ ራስዎን እሰሩ አልኩዎ?» ብላ ጅራቷን እያወዛወዘች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ዳኛ አያ አንበሶ መጣ። አራዊቱ ሁሉ እዚያው ይሙት አሉ፤ አንበሳም የእጁን ነው ያገኘው ብሎ ሊፈርድ ነበር። አህያ ግን ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ እሱ ይዘጋበት ከተባለ መናፈሻችንም አብሮ ይዘጋል። እኔ መንገድ ጠራጊ ነኝ፤ መንገድ ደግሞ አንተ እለፍ፣ አንተ ቅር አይልም።»

ይህን ብላ ጀርባዋን አዞረችና በርግጫ እሾሁን በታተነችው። ጅብ ጅራቱን ወትፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንበሳም እሾሁን በሙሉ በአፉ እንዲያነሣ ፈረደበት፣ ያውም በአህያ ትእዛዝ። «ያንንም አንሡ፣ አያ ጅቦ፤ ያች ቀርታለች» እያለች አሠራችው።

እሾሁ ተነሥቶ ሲያልቅ፣ ያ ሁሉ ቀንዳምና ጥፍራም ግራና ቀኝ ቆሞ አህያን አስቀደማት። መንገዷን እሷ መጀመሪያ ወረደችው።

ከዚህ የምንማረው የሁሉን ለብቻው የሚያጥር ራሱን እንደሚያስር፣ የሁሉን መንገድ የሚጠርግ ግን ማንም ሳይሾመው እንደሚከበር ነው።